አባቴና የዝይ አንገት

ባለፈው ቅዳሜ ልጄ በረከት በስልክ ሦስት ፎቶግራፎች ላከልኝ። የልጅ ልጄ ፎቶ መስሎኝ መነጽሬን ከሶፋው ሥር ፈልጌ፣ ወገቤን ይዤ ተነሥቼ ብከፍታቸው ሦስቱም ብረት ናቸው። ከሥራቸው እንዲህ ብሎ ጽፏል፤ «እማ፣ የቱን ላድርግ? ትሬለሩ ሄቪ ነው፣ ግን ቤዱን ድሪል ማድረግ አልፈልግም።»

በረከት ትንንሽ ቁፋሮ የሚሠራ ልጅ ነው። የሰው ግቢ ይቆፍራል፣ ቧንቧ ይቀብራል፣ በረዶው ሲመጣ ደግሞ በረዶ ይጠርጋል። በቅርቡ አንዲት መቆፈሪያ ማሽን ገዝቶ እሷን የሚያጓጉዝበት ተሳቢ ለፒክአፑ ሊያስገጥም ነው። እኔን የሚጠይቀኝ እናቱ ስለሆንኩ ብቻ አይደለም፤ የዕድሜዬን ግማሽ ተሳቢ ስነዳ የኖርኩ ሴት ነኝ። ስለ ወጥ ሊጠይቀኝ ቢፈልግ አክስቱ ትሻለዋለች።

«ቆይ ላስብበት» ብዬ መለስኩለት። የሚታሰብበት ነገር ኖሮ አይደለም፤ መልሱን ገና ፎቶውን ሳየው አውቄዋለሁ። ግን ያ ካሶኒውን መብሳት አልፈልግም የሚለው ነገር፣ ከዚህ በፊት ከሌላ ሰው አፍ የሰማሁት ነው። ከአባቴ።

ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ፒክአፕ መኪና ተሳቢ የምትጎትተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ከጭራዋ ሥር በተገጠመ የብረት ኳስ ነው፤ ይሄ የታወቀው ነው፣ ጀልባ የሚጎትት ሰው ሁሉ ያለው። ሁለተኛው ጉዝኔክ የሚሉት ነው፣ የዝይ አንገት ማለት ነው። የተሳቢው መጎተቻ እንደ ዝይ አንገት ወደ ላይ ይነሣና የመኪናዋን የኋላ በር አልፎ ካሶኒው ውስጥ፣ ማለትም ጭነት ከሚጫንበት ሳጥን ውስጥ ይወርዳል። እዚያ ወለሉ መሐል ብርቱካን የምታህል ኳስ ተተክላ ትጠብቀዋለች። ሸክሙ ጭራ ላይ መንጠልጠሉ ቀርቶ የኋላ ጎማዎቹ ላይ ያርፋል። ከባድ ነገር ለሚጎትት ሰው ከዚህ የተሻለ አላየሁም። ኳሷን ለመትከል ግን ካሶኒው መበሳት አለበት።

አባቴ የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። በወጣትነቱ ከነተሳቢው ያን ሁሉ በረሃ ሲያቋርጥ የኖረ፣ ሚሌንና ኤሊዳርን እንደ ሰፈሩ የሚያውቅ፣ ሙቀቱ ሲበረታ ከተሳቢው ሥር ተኝቶ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ የሚነሣ ሰው ነው። ቶሮንቶ መጥተን ክሬሰንት ታውን የሚባል ሰፈር ፎቅ ላይ ከገባን በኋላ በጽዳትም፣ በመኪና ማቆሚያ ጥበቃም ሠርቷል። ሥራህ ምንድን ነው ብለው ሲጠይቁት ግን መልሱ አንድ ነበር፤ ሹፌር ነኝ ይላል። መጥረጊያ ይዞ ቆሞም ቢሆን።

በኋላ አንዲት አሮጌ ፒክአፕ ገዛ። ለፋሲካ ቅርጫ የሚገቡ ቤተሰቦች ከከተማው በስተሰሜን ካለ አንድ ገበሬ በሬ እየገዙ ይካፈሉ ነበር፤ በሬውን ከእርሻው እስከ ቄራው የሚያደርስላቸው ሰው ግን አልነበረም። አባቴ አንድ በሬ የምትይዝ ትንሽ ተሳቢ ከመኪናዋ ጭራ አስሮ ማመላለስ ጀመረ። ያኔ ያየሁትን ፊቱን አልረሳውም። ከብዙ ዓመት በኋላ መሪ ይዞ ከኋላው የሚከተለው ነገር አገኘ። ዳቦ ቆሎ በኪሱ ሞልቶ፣ የጾም ምሳውን በፌስታል ቋጥሮ ሲወጣ ሠርግ የሚሄድ ይመስል ነበር።

ሥራው በተከታዩ ዓመት በዛ። የክሬሰንት ታውኖቹን ሰምተው የሌላው ሰፈር፣ የሴንት ጄምስ ታውን ሰዎችም መጡ። አንድ አንድ በሬ እያመላለሱ ለፋሲካ መድረስ የማይቻል ሆነ። ገበሬው ደግ ሰው ነበርና ብዙ ከብት የሚይዘውን የራሱን ትልቅ ተሳቢ ላውሳችሁ አለን። ተሳቢው ታዲያ የዝይ አንገት ያለው ነው።

እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ያን የሚያህል ተሳቢ ለመጎተት በተራ መንጃ ፈቃድ አይቻልም፤ ትልቁ መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። እሱን ለማግኘት ደግሞ ሐኪም ዓይንን ይመረምራል። አባቴ ሄዶ ተመርምሮ ነበር። ሲመለስ ወረፋው በዝቶብኝ ተመለስኩ አለን። እናቴ ግን እውነቱን ለብቻዬ ነገረችኝ፤ በግራ ዓይኑ በኩል ዳር ዳሩን ማየት እየተሳነው ነው፣ ለትንሿ መኪና ይበቃሃል፣ ለትልቁ አይሆንም ብለውታል። ከዚያም ለሱ እንዳታነሺበት ብላ አስጠነቀቀችኝ፣ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም እያለች።

ትልቁን መንጃ ፈቃድ የያዝኩት እኔ ነበርኩ። ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። በከተማው ሌላ ጫፍ፣ ኢቶቢኮ፣ አንድ መጋዘን ውስጥ ካርቶን ሳሽግ ቆይቼ፣ ድርጅቱ ሠራተኞቹን መንዳት ሲያስተምር ተመዝግቤ አለፍኩ። ፈቃዱን ለአባቴ ሳሳየው በሁለት እጁ ተቀብሎ አገላብጦ አየና፣ እዚህ አገር ለሁሉም ይሰጣሉ ማለት ነው ብሎ መለሰልኝ። በኋላ እንደሰማሁት ለሚያውቀው ሰው ሁሉ ደውሎ ነግሯል።

እንግዲህ የዝይ አንገቱ ከተገጠመ ሹፌሯ እኔ ነኝ፣ አባቴ ተሳፋሪ ነው። ይህን እሱም ያውቃል፣ እኔም አውቃለሁ፣ እናቴም ታውቃለች። ሦስታችንም ግን የምናወራው ስለ ብረት ብቻ ነበር።

በዐቢይ ጾም አጋማሽ ላይ፣ በረዶው ቀልጦ መንገዱ ሁሉ ጨውና ጭቃ በሆነበት ሰሞን፣ አብረን ኢቶቢኮ ወዳለ የተሳቢ ዕቃ መሸጫ ሄድን። አንድ ጣቶቹ በግራሶ የጠቆሩ ወፍራም ሰውዬ ሦስት ዓይነት ጉዝኔክ ባንኮኒው ላይ ደረደረልን። አንደኛው ኳሷ ለዘለዓለም ተተክላ የምትቀር ናት። ሁለተኛዋ ወደ ጎን ትታጠፋለች። ሦስተኛዋ ሲፈለግ ትነቀላለች፤ ካሶኒውም ለጥ ያለ ወለል ይሆናል። አባቴ ብረቶቹን በጣቱ አንጓ እያንኳኳ አዳመጠ፤ ሐብሐብ የሚገዛ ሰው ይመስል ነበር። ከዚያ ምክንያቱን ይደረድር ጀመር። በቀዳዳው ውኃና ጨው ይገባል፣ ካሶኒው ይዝጋል፣ ከዚህ በኋላ ጆንያ እንዴት ይጫንባታል፣ ደግሞስ መኪናን ወገቧ ላይ መብሳት የት አገር ታይቷል። ሰውዬው በትዕግሥት ሰምቶ፣ ጭነቱ ጎማው ላይ ስለሚያርፍ ተሳቢው በነፋስ አይወዛወዝም አለ። ተረጎምኩለት።

«ተሳቢ ሲወዛወዝ የሚቃናው በመሪ ነው፣ በብረት አይደለም በይው» አለኝ አባቴ።

እኔ ግን እናስብበታለን ይልሃል ብዬ ተረጎምኩ። አንዲት የኋላ መብራት አምፖል ገዝተን ወጣን። ስንመለስ ከአንድ የሶማሌ ሱቅ ትኩስ የምስር ሳምቡሳ ገዛልኝ፤ ቃሪያው ዓይን ያስለቅሳል። እሱን እየበላን እስከ ቤት ድረስ ስለ ዝገት አስተማረኝ። ማታም እራት ላይ ቀጠለ። እኔም እልኸኛ ነኝና ስለ ሸክም ክፍፍል እመልስለታለሁ። እናቴ ሽሮዋን እየጨለፈች ስትሰማን ቆይታ፣ «በሬው የትኛውን መረጠ?» አለችን። ከሦስታችን የሳቀ ግን የለም።

ከሆሳዕና በፊት በነበረው ሳምንት፣ ነፋስ በበዛበት ቀን፣ አንድ ትልቅ በሬ በትንሿ ተሳቢ ጭነን ከእርሻው ስንመለስ ነው ነገሩ የሆነው። አባቴ ይነዳል፣ እኔ ከጎኑ ነኝ። ሀይዌይ ላይ እንደወጣን ነፋሱ ከጎን መታን፣ በሬውም ተደናግጦ ወደ አንድ ወገን ተጠጋ። ተሳቢዋ ጭራዋን መወርወር ጀመረች። አባቴ አልደነገጠም፤ እጁ ገራም ነበር፣ እግሩን ከነዳጅ አንሥቶ ቀስ አድርጎ አቃናት። በመሪ ይቃናል ያለው እውነት ነበር። ከዚያ ግን ነፋሱን ሊሸሽ ወደ ግራ መሥመር ሊገባ መሪውን ሰበረ። በግራችን በኩል አንድ ግዙፍ የጭነት መኪና ነበር። በሩ ከአባቴ መስኮት እኩል ደርሶ ነበር።

«አባዬ፣ በግራ» አልኩ።

መሪውን መለሰው። የጭነት መኪናው ጡሩንባ ጆሯችንን ሰንጥቆ አለፈ። አባቴ መንገዱ ዳር አውጥቶ አቆመ። ከኋላ በሬው ይጮኻል፣ አጠገባችን የሚያልፈው መኪና ሁሉ ያንቀጠቅጠናል። መሪውን አልለቀቀም።

«አላየሁትም» አለ።

ነፋሱ ነው አልኩት። ምን ልበል ሌላ? እሱ ግን ራሱን ነቀነቀ። ልንዳልህ ወይ ብዬ ስጠይቀው ፍሬቻ አሳይቶ ቀኝ መሥመር ላይ ገባና በዝግታ ነዳ፤ እኔም ሳንነጋገር ወደ ግራው እየተጠማዘዝኩ ሳይለት ቄራው ደረስን። ፈርቼ ነበር። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ያ አንድ ቃሉ ከበደኝ። ስለ መኪና ሲያወራ እንደዚያ ያለ ቃል ከአፉ ሰምቼ አላውቅም።

ለእናቴ አልነገርናትም። ከቀናት በኋላ ከሥራ ስመለስ ከፎቁ ሥር መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ሲጠብቀኝ አገኘሁት። የኋላውን በር አወረደና እዪ አለኝ። ካሶኒው መሐል ለመሐል ተበስቷል። ጠርዙ ተሞርዷል፣ እንዳይዝግ ቀለም ተቀብቷል፣ ኳሷም በቦታዋ ተቀምጣለች። ሦስተኛውን ዓይነት፣ የሚነቀለውን ነው የመረጠው። ነቀለና አሳየኝ፣ መለሰና አሳየኝ። ኢቶቢኮ ድረስ ብቻውን ሄዶ፣ ከዚያ ወፍራም ሰውዬ ጋር በራሱ እንግሊዝኛ ተነጋግሮ፣ ሲበሳም ከሠራተኛው ራስ ላይ ቆሞ ውሏል።

ለምን ሳትነግረኝ፣ አብሬህ እሄድ አልነበር አልኩት።

«ብረት መምረጥ የኔ ሥራ ነው። አንቺ መንዳቱን እወቂበት» አለኝ። ከዚያ በሩን ዘግቶ ወደ አሳንሰሩ ሄደ።

በሕማማት ሰኞ ማለዳ ገበሬው ግቢ ደረስን። ጭቃው ላይ ስስ በረዶ ጋግሯል፣ ከብቶቹ ሲተነፍሱ ይጨሳል። መሪውን ይዤ ወደ ትልቁ ተሳቢ ወደ ኋላ መግባት ነበረብኝ። አባቴ ካሶኒው አጠገብ ቆመ። ነይ፣ ነይ፣ ትንሽ ግራ ስበሪ፣ ነይ፣ በቃ ይለኛል። መጎተቻው ኳሷ ላይ ሲቀመጥ መኪናዋ ዝቅ ብላ ተረጋጋች። ሰንሰለቱን አሠረ፣ መብራቱን አየ፣ ጎማዎቹን አንድ በአንድ በእግሩ መታ፣ ከብቶቹ ሲገቡ የተሳቢውን በር ራሱ ቀረቀረው። ይሄ ሁሉ በአሰብ መንገድ የረዳት ሥራ ነው። አባቴ መሪ ከያዘ ወዲህ ይህን የሚሠሩለት ልጆች ነበሩት እንጂ እሱ ሠርቶት አያውቅም። ሁሉንም ሲጨርስ በጎኔ መጥቶ የመኪናዋን በር በመዳፉ ሁለቴ መታው።

«ሳቢው» አለኝ። ረዳት ለሹፌር እንደሚለው።

ከዚያ ዞሮ በቀኝ በኩል ገባ። ደስ አለኝ፤ ደግሞም ሆዴ ባባ፤ ሁለቱ እንዴት አብረው እንደሚሆኑ እስከ ዛሬ አላውቅም። ለጥቂት ጊዜ እጆቹን የሚያደርግበት ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አስቀመጣቸው። ሀይዌዩ ላይ ስንወጣ ነፋሱ መጣ፣ ተሳቢው ግን ንቅንቅ አላለም። አባቴም በጎን መስተዋቱ አየው። ከዚያ በኋላ ግን ፍሬን አበዛሽ፣ ዘገየሽ፣ ቀደምሽ ሲል ቄራው ደረስን። መሪውን እንጂ አፉን አልሰጠኝም።

በፋሲካ ማግስት ቤተ ክርስቲያን ግቢ አንድ ሽማግሌ፣ ጡረታ ወጣህ እንዴ፣ ልጅቷ ናት አሉ የምትነዳው ብለው ቀለዱበት። እኔ እሰማለሁ። ምን ይላቸው ይሆን ብዬ ተጠጋሁ።

«ሹፌር አገኘሁ» አላቸው።

አባቴ ካረፈ ቆየ፤ አፈሩን ገለባ ያድርግለት። ለበረከት እሑድ ጠዋት መለስኩለት፤ አስበሳው፣ የሚነቀለውን ዓይነት አድርግ፣ ጠርዙን ቀለም መቀባት አትርሳ አልኩት። በአውራ ጣት ሥዕል መለሰልኝ። ልጅ እንዲህ ነው፤ ሰው ይህን ምክር ከየት አመጣው ብሎ አይጠይቅም። እኔም አልጠየቅኩም ነበር።

አሁን አሁን የሚመጣብኝ ያ በእርሻው ግቢ የነበረው ማለዳ አይደለም። ካሶኒውን አስበስቶ ከኢቶቢኮ ሲመለስ የነበረው መንገድ ነው። ከተማውን ከዳር እስከ ዳር ብቻውን፣ ከኋላው ያ ቀዳዳ እያለ፣ ሹፌርነቱን በገዛ እጁ ለልጁ ይዞ ሲመጣ ምን ያስብ ነበር? አብሬው ብሆን እወድ ነበር። ብጠይቀው ኖሮ እንኳ የሚለኝን አውቃለሁ፤ ስለ ትራፊኩ ነበር የማስበው ይለኝ ነበር።