ለእትዬ አስካለ ጾም የሠራሁት ምስር

ከአዲስ አበባ የሄድኩ ዕለት ማታ ቤታችን በሸኚ ተሞልቶ ነበር። ሻንጣዬ ሳሎን መሃል እንደተከፈተ እናቴ ተንበርክካ በርበሬውን በሦስት ፌስታል ትጠቀልላለች፣ ሽሮውን ለብቻ፣ ኮረሪማውን ለብቻ ትደረድራለች። አክስቴ ከሶፋው ላይ ሆና "ለመሆኑ ይህን ሁሉ ማን ሊሠራው ነው?" ብላ ጠየቀች። ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቴ ነው፣ ባንክ እሠራለሁ፣ ቤታችን ሠራተኛ አለች፤ ወጥ ቤት የምገባው ውሃ ለመጠጣት ነው ብል ብዙ አልዋሸሁም። እናቴ ግን አልሳቀችም። ቀና ሳትል "ትማራለች" አለች። ሴት ልጅ አሳድጋ ሙያ ሳታስተምር ሸኘቻት መባል ለእናቶቻችን ምን ማለት እንደሆነ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። በእኔ አፈረች፣ እኔም ማፈሯን አይቼ እንዳላየ ሆንኩ።

ጄኔቭ የመጣሁት በጋብቻ ነው። ባለቤቴ ተስፋዬ ከእኔ ስድስት ዓመት ቀድሞ የገባ፣ ሆቴል ውስጥ የልብስ ማጠቢያ ክፍል የሚሠራ ሰው ነው። በረሃ አላቋረጥኩም፣ ባሕር አልተሻገርኩም፤ ወረቀቴን ጠብቄ፣ አውሮፕላን ላይ ዶሮ በሩዝ እየበላሁ ነው የደረስኩት። መከራ አይታችሁ ለመጣችሁ የእኔ ስደት ስደት ላይባል ይችላል። እኔን ያገኘኝ ሌላ ነው።

ቤታችን ካሩዥ የሚባል ሰፈር ነው፣ ሁለት ክፍል፣ ከመስኮቱ ሥር ትራም የሚያልፍበት። በመጣሁ በሁለተኛው ቀን ወጥ ልሥራ አልኩ። ተስፋዬ ከሥራ ገብቶ፣ እጁን ታጥቦ ተቀምጧል፤ ስድስት ዓመት ሙሉ የጠበቃት ወጥ ናት። እኔ ደግሞ ሽንኩርቱንም፣ ዘይቱንም፣ በርበሬውንም፣ ውሃውንም አንድ ላይ ጨምሮ መጠበቅ ብቻ ነበር የመሰለኝ። ሦስት ጊዜ ጎረሰና "ጥሩ ነው" አለ። ትንሽ ቆይቶ ወጥ ቤት ገባ፤ የሰርዲን ቆርቆሮ ሲከፈት ሰማሁ። ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ ነበር።

ከዚያ እናቴን በቪዲዮ እየደወልኩ ተማርኩ። ለማታውቁ ልንገራችሁ፣ ከእኔ ውርደት ቢያንስ አንድ ነገር አትርፉ። የዚህ አገር ሽንኩርት ውሃው ብዙ ነው፤ በማሽን ከፈጫችሁት ሾርባ ይሆንባችኋል፣ በቢላ ክተፉት። ዘይት ሳይነካው ብቻውን ይብሰል፣ ውሃውን ይጨርስ፣ ቀለሙ እስኪለወጥ አትቸኩሉ። ዘይቱ ከዚያ በኋላ ነው። በርበሬው ሲገባ ሙቅ ውሃ አጠገባችሁ ይኑር፤ ሊይዝ ሲል ጠብ እያደረጋችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል አቁላሉት። ምድጃው ጠፍጣፋ መስታወት ነው፣ ብታጠፉትም ሙቀቱን ቶሎ አይለቅም፤ ምስሩ ሊደርስ ሲል ቀድማችሁ አጥፉት፣ አለዚያ ከሥር ያርርባችኋል።

ይህን ሁሉ ስማር ሕንፃው አብሮኝ ተማረ። አንድ ቀን የሕንፃው ጠባቂ፣ እዚህ ኮንሲዬርዥ የሚሏት፣ በሬን አንኳኳች።

"መዳም፣ የሆነ ነገር እየተቃጠለ ነው።"

"አይደለም፣ እያበሰልኩ ነው።"

"ምን?"

"ሽንኩርት።"

"ከመቼ ጀምሮ?"

"ሁለት ሰዓት ይሆነዋል።"

"ሁለት ሰዓት? ስንት ሰው ሊበላው ነው?"

"ሁለት።"

ሰዓቷን አየች፣ እኔን አየች። "መዳም፣ እኔ በሁለት ሰዓት ለአሥር ሰው የገና እራት እሠራለሁ።"

በሳምንቱ ከሬዢው፣ ማለትም ቤቱን ከሚያከራየው ድርጅት፣ ደብዳቤ መጣ። በትሕትና ተጽፏል፤ እዚህ አገር ሰው የሚያዋርዱት በትሕትና ነው። ምግብ በምናበስልበት ጊዜ በሩን ዘግተን መስኮቱን እንድንከፍት ይጠይቃል። ሽታ የሚለውን ቃል በፈረንሳይኛ ያወቅኩት ያን ቀን ነው። ጥር ላይ ካፖርት ለብሼ፣ መስኮት ከፍቼ ሽንኩርት አማስል ነበር።

ፖርቱጋላዊቷ ጎረቤቴ ሮዛ ግን ሽታውን ተከትላ መጣች። ቀመሰች፤ ደግ ሴት ናትና አልጣፈጠም ሳትል ቤቷ ተመልሳ በቢጫ ወረቀት የተጠቀለሉ ትንንሽ ቡዮኖች፣ ማለትም የደረቀ የሾርባ ማጣፈጫ፣ የሞሉበት ብልቃጥ አመጣችልኝ። "አንዷን ጣል አድርጊበት" አለችኝ። አደረግኩ። ያን ቀን ተስፋዬ ሳህኑን በእንጀራ ጠርጎ በልቶ "ምን አደረግሽበት?" አለኝ። "ምንም" አልኩት። እንዲህ ነው የተጀመረው።

ከዚያ ወዲያ ቡዮኗ ከድስቴ ጠፍታ አታውቅም። የሮዛ ብልቃጥ ሲያልቅ ቀለሟን አይቼ ያቺኑ ከሱቅ እገዛለሁ። ለቤተ ክርስቲያን ዝክር ምስር ይዤ ሄድኩ፣ ድስቱ ተጠርጎ ተመለሰ። ሴቶቹ ከበው "እጅሽ ይባረክ፣ ምን ታደርጊበታለሽ?" ሲሉኝ "ሙያ በልብ ነው" እላቸዋለሁ። ለጾም ችግር አላት ብዬ በሕልሜም አስቤ አላውቅም። የደበቅኳት ጣዕሙ የእኔ ባለመሆኑ አፍሬ ነው። ቀን ቀን ፕላንፓሌ ሰፈር አጠገብ ቢሮ እያጸዳሁ "መዳም፣ እዚህ ጋ አልወለወልሽም" ስባል እውላለሁ፤ እሑድ ግን ባለሙያ ነኝ። ያቺ እሑድ ጣፈጠችኝ። የንስሐ አባቴ እንኳ ሁዳዴን ሙሉ ከምስሬ ያስደግሙ ነበር። እስከ ዛሬ ለእሳቸው መናዘዝ ያልቻልኩትም ለዚህ ነው፤ እሳቸውም በልተዋል።

እትዬ አስካለን ያስተዋወቀኝ ይኸው ምስር ነው። ዙሪክ አጠገብ ዲቤንዶርፍ የሚኖሩ፣ ሆስፒታል ውስጥ ብዙ ዓመት ሠርተው ጡረታ የወጡ፣ ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሴት ናቸው። በዙሪክ ቤተ ክርስቲያን ዓመታዊ በዓል እኛ የጄኔቮቹ በባቡር ድስት ይዘን እንሄዳለን፤ ሦስት ሰዓት ያህል ወጡ እንዳይፈስ በእግሬ መሃል ይዤው እቀመጣለሁ። እትዬ አስካለ ቀመሱና ያንን ቢሮ የሚወለውል እጄን አገላብጠው ሳሙት። "ያሳደገችሽ እናት ትባረክ" አሉኝ።

ባለፈው ዓመት ሐምሌ መጨረሻ ደወሉልኝ። ትከሻቸውን ቀዶ ሕክምና ተደርገው ማማሰል አይችሉም። ልጃቸው ማሕደር ካገባች ስምንት ዓመቷ ነው፣ ልጅ አላገኘችም።

"ለእመቤታችን ተስያለሁ" አሉኝ። "ፍልሰታን ቅዳሴ ሳይወጣ እህል ሳልቀምስ፣ አንዲት ነገር ሳላጎድል ልጾም። ቄሱ አርጅተሻል፣ ቀለል አድርጊው ቢሉኝም እምቢ ብያለሁ። ቀላል ስለት የለም። ምስሩን ግን አንቺ ሥሪልኝ፤ የሌላ ሰው እጅ አላምንም።"

ጾሙ በገባበት ቅዳሜ ሄድኩ። እሳቸው ጓዳ ውስጥ ውዳሴ ማርያም ሲደግሙ እኔ ትልቁን ድስት ጥጄ አሥር የፕላስቲክ ሣጥን ሙሉ ምስር ሠራሁ። ፍሪዘር ውስጥ ስታስቀምጡ ከላይ የጣት ስፋት ያህል ባዶ ተዉለት፣ በረዶ ሲሆን ያብጣል። ድስቱ ውስጥ አራት ቡዮን ጣልኩበት፣ ወረቀቶቹን ኪሴ ከተትኩ። ስመለስ ስለ ትራንስፖርቱ ገንዘብ ሊሰጡኝ ቢለማመጡኝ "ለስለት የሚከፈልበት የት አገር ነው?" ብዬ ኮራሁባቸው።

በሁለተኛው ቅዳሜ ሽሮ ልሠራላቸው ተመለስኩ። አብረን ሱቅ ወጣን። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ አድርገው ዳቦውን ገለበጡ፣ አነበቡ፣ መለሱ። ማርጋሪኑን ገለበጡ፣ መለሱ።

"ምነው እትዬ፣ ዳቦ አይደለም እንዴ?"

"የወተት ዱቄት አለበት። ማርጋሪኑም አለበት። ያ ከረሜላ ደግሞ ከከብት አጥንት የተሠራ ነው።" ሳቁ። "ልጄ፣ እዚህ አገር ጾም የሚፈርሰው በጥቃቅን ጽሑፍ ነው። ሳላነብ አፌ አላስገባም።"

አብሬያቸው ሳቅኩ፤ ግን የቡዮኔ ካርቶን ትዝ አለኝ። እቤት እንደገባን መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሩን ቆለፍኩና የቡዮኑን ካርቶን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ፊቱ ላይ ካሮትና የሚጨስ ድስት ተስሎበታል። ገልብጬው አላውቅም ነበር። አራት ዓመት! በጀርመንኛ፣ በፈረንሳይኛ፣ በጣልያንኛ ተጽፏል፤ ይህ አገር ላልገባው ሰው ሦስት ጊዜ ይነግረዋል። ፈረንሳይኛው ለእኔም ይበቃኝ ነበር። የበሬ ስብ።

ስወጣ ስድስት ባዶ ሣጥኖች ታጥበው ተደርድረዋል። "እትዬ፣ አንድ ነገር ልነግርዎት" ብዬ አፌን ከፈትኩ። እሳቸው ግን ወንበር ስበው አስቀመጡኝና "ታውቂያለሽ፣ እንዲህ ቀሎኝ ጾሜ አላውቅም። ተቀብላኛለች መሰለኝ" አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። "ምን ልትነግሪኝ ነው?" ሲሉኝ "ሽሮው በርበሬ ይብዛበት ወይ ልልዎት ነው" አልኩ።

እሳቸው ጋደም ሲሉ የቀሩትን አራት ሣጥኖች ታች ወርጄ የምግብ ቆሻሻ መጣያው ውስጥ ገለበጥኩ። እንደ ሌባ ግራ ቀኝ አይቼ። ያንን ምስር ያለ ቡዮን በአዲስ ሠርቼ ተካሁት፤ እናቴ ያስተማረችኝን ብቻ፣ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ በርበሬ፣ ትዕግሥት። ማታ አንድ ጉርሻ ቀመሱ።

"ባዶ ባዶ አለኝ" አሉ። ከዚያ ያዘንኩ መሰላቸውና ጉልበቴን መታ መታ አደረጉኝ። "ደክሞሽ ነው ልጄ። እጅም ይደክማል።"

ኅዳር ላይ እልልታ ይዘው ደወሉ። ማሕደር አርግዛለች። "ስለቴ ሠመረ! ያንቺም እጅ አለበት" ይላሉ። እኔም እልል አልኩ፣ ካሩዥ ትራም ፌርማታ ላይ ቆሜ፣ ሰው እያየኝ። እመቤታችን የምታየው ልብ ነው፣ እሳቸው አላወቁም፣ ጾሙ ጾም ነው እላለሁ ለራሴ። እንግዲያው ለምን አትነግሪያቸውም? እላለሁ ደግሞ። ብነግራቸው ያቺ ልጅ በሰላም እስክትገላገል እንቅልፍ በዓይናቸው አይዞርም፣ ማሕደርን ትንሽ ባማት ቁጥር በእኔ ድስት ነው ይላሉ። ባልነግራቸው ደግሞ በየሳምንቱ እየደወሉ ይመርቁኛል፤ እያንዳንዱን ምርቃት አሜን ብዬ እቀበላለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ ነኝ።

ይህ አልበቃ ብሎ ከተስፋዬ የእናቴን ስልክ ተቀብለው አዲስ አበባ ደወሉላት። እሑድ ዕለት እናቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ።

"ልጅሽ ወርቅ ናት አለችኝ። በሷ እጅ ስለቴ ሠመረልኝ አለችኝ። ሰንበቴ ላይ ለሁሉም ነገርኩ፣ ሁሉም መረቁሽ።"

ሳያት ፊቷ በስክሪኑ ላይ ወጣት መስሏል። መቻል ነበረብኝ፣ አልቻልኩም። "እማዬ፣ ልንገርሽ" አልኩና ሁሉንም ነገርኳት፤ ቡዮኑን፣ ስቡን፣ ስድስቱን ሣጥን፣ ገልብጬ የደፋሁትን። ፊቷ ስክሪኑ ላይ ደርቆ ቀረ። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ "ሃሎ" አልኩ።

"አለሁ" አለች። "ለማን ነገርሽ?"

"ለማንም።"

"ለተስፋዬስ?"

"አልነገርኩትም።"

"እኔም አልሰማሁም" አለች። "ለሴትዮዋም እንዳትነግሪያት። ደህና ሁኚ።"

ልትቆጣኝ ይገባ ነበር። ሂጂና እግሯ ላይ ወድቀሽ ንገሪያት ብትለኝ በዚያው ቀን የዙሪክን ባቡር እሳፈር ነበር። አንዲት ረቡዕና ዓርብ አጉድላ የማታውቅ እናቴ ለእኔ ስትል ዝም ማለቷን አልቻልኩትም።

አሁንም በየእሑዱ ትደውላለች። ስለ ብርዱ፣ ስለ ተስፋዬ ወገብ፣ ስለ ሥራዬ ትጠይቃለች። ድሮ ሃሎ እንኳ ሳልል የምትጠይቀኝ "ምን በላሽ?" ነበር። ያቺን ትታለች። ባለፈው እሑድ ልትዘጋ ስትል እኔው ራሴ "እማዬ፣ ዛሬ ሽሮ ሠርቼ በላሁ" አልኳት። "ጎሽ" አለችኝ፣ ከዚያም እዚያ ዝናቡ እንዴት እንደበረታ ታወራኝ ጀመር።