እማሆይ የመሰከሩ ቀን

ባለፈው ጥር የልጅ ልጄን ሊያጩ ሽማግሌዎች ቤቴ መጥተው ነበር። የሚያገባት ልጅ ቤተሰብ የሚኖረው ጃናሞራ ነው። የእናቴም አገር እዚያው በመሆኑ ዝምድና እንዳይገኝ ዘር ይቆጠር ተባለ። በዕድሜ ትልቋ እኔ ነኝና ነገሩ በእኔ ላይ ወደቀ። የአባቴን ወገን ሳልደናቀፍ አወረድሁት። ወደ እናቴ ስዞር፣ "እናቴ ጥሩወርቅ፣ የእናቴ እናት እማሆይ ወለተ ማርያም" ብዬ ቆምሁ።

"የእናትዎ አባትስ?" አሉኝ አንዱ ሽማግሌ።

ፊቴ ጋለ። ይህን ያህል አርጅቼ ፊቴ እንደ ልጃገረድ ፊት መጋሉ ገረመኝ። "እሱን አላውቀውም" አልሁ። ሽማግሌው፣ የልጁ አያቶች ከዛሪማ መጥተው የሰፈሩ እንጂ የአገሩ ተወላጆች ስላልሆኑ የሚያሰጋ ነገር የለም አሉና ነገሩን አሳለፉልኝ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ ልጅቱ ተከትላኝ ገባች። "እማማ፣ የእናትሽ አባት አባባ ቸኮል አይደሉም እንዴ?" አለችኝ። በሩን ዘጋሁና ነገርኋት።

እናቴን ጎንደር ውስጥ የማያውቃት አልነበረም። አባቴ የጭነት ማኪና ረዳት ነበር፤ እኔ ገና ሕፃን ሳለሁ ታሞ ሞተ። እሷ ከዚያ ወዲያ ባል አላገባችም። ቅዳሜ ገበያ ጌሾና ብቅል እየሸጠች አሳደገችኝ። ልብሷ ሁልጊዜ ጌሾ ጌሾ ይሸት ነበር። ድምጿ ግን ጠበቃ የሚያስንቅ ነበር። በዚያ በንጉሡ ዘመን ሰው ሥራ ሲፈታ ፍርድ ቤት ሄዶ ሙግት ይሰማ ነበር፤ እናቴ ነጠላዋን አደግድጋ ከዳኛ ፊት ስትቆም የሚያዳምጣት ሰው ከችሎቱ አልፎ ደጁን ይሞላው ነበር። እኔም ከትምህርት ቤት ስወጣ እየሮጥሁ ሄጄ፣ በሰው ብብት ሥር ሾልኬ እመለከታት ነበር። የእሷ ልጅ በመሆኔ እኮራ ነበር።

ሙግቱ የመሬት ነበር። አባቷ የምንላቸው አባባ ቸኮል ጃናሞራ፣ ከመካነ ብርሃን ወዲያ ባለው ደጋ ሸጋ የገብስ መሬት ነበራቸው። እሳቸው ሲሞቱ መሬቱን የያዘው ልጃቸው አያ ሞገስ ነው። አያ ሞገስ ከእሳቸው የመጀመሪያ ሚስት የተወለደ ሲሆን፣ እናቱ ገና በልጅነቱ ስለሞተችበት ያሳደጉት የእኔ አያት ናቸው። እናቴን ደግሞ አዝሎ ያሳደጋት እሱ ነው። መጀመሪያ ላይ በየዓመቱ ገብስ ይልክላት ነበር። በኋላ ቀረ። ድርሻዬን ብላ ከሰሰችው። ክርክሩ በይግባኝ ጎንደር ሲደርስ አንድ ነገረ ፈጅ መክሮት ኖሮ፣ "የአባቴ ልጅ አይደለችም" ብሎ መለሰ።

እናቴ ችሎቱ መሐል ሳቀች። "እናቴ በሕይወት አሉ። ይምጡና ይመስክሩ!" አለች።

እማሆይ በኅዳር፣ ገብስ በሚታጨድበት ወቅት መጡ። ባላቸው ሲሞቱ ቆብ ጭነው መንኩሰው፣ ከቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር በአንዲት ጎጆ ይኖሩ ነበር። እስከ ደባርቅ በበቅሎ፣ ከዚያ በማኪና ነው የመጡት፤ ማኪና ተሳፍረው ስለማያውቁ መንገዱን ሁሉ ያስመልሳቸው ነበር። እናቴ በሙቅ ውኃ እግራቸውን አጠበች፣ ሳመችም። ጾም ስለነበር የተልባ ፍትፍት አቀረበችላቸው፤ ሁለት ጊዜ ጎርሰው ተዉት። ለእኔ ከመቀነታቸው ፈትተው የገብስ ቆሎ ሰጡኝ። የደጋ ገብስ ነው፣ ጢስ ጢስ የሚልና የሚጣፍጥ።

በማግስቱ ደጅ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው ከእናቴ ጋር ምስር ይለቅሙ ነበር።

"ጥሩ" አሉ እማሆይ ቀና ሳይሉ፣ "ይህ መሬት ይቅርሽ።"

"ምነው እምዬ? የአባቴ መሬት አይደለም እንዴ?"

"ሞገስ ወንድምሽ ነው።"

"ወንድሜ ከሆነ ምነው ካደኝ?"

ከምስሩ ውስጥ ጠጠር የሚፈልጉት የእማሆይ ጣቶች ፈጠን አሉ። እናቴ እርጅናና የመንገድ ድካም መስሏት ተወቻቸው። እኔም የመሰለኝ እንደዚያው ነው።

የቀጠሮው ቀን እማሆይ ፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ የእናቴን ክንድ ያዙ። "ቆዪ፣ አንድ ነገር ልንገርሽ" አሉ። ወዲያው ግን ተላላኪው ስማችንን ጮኾ ጠራ። "ስንወጣ ትነግሪኛለሽ" ብላ እናቴ እየደገፈች አስገባቻቸው።

ወንጌሉን አመጡላቸው። እማሆይ እጃቸውን ዘረጉና መልሰው ሰበሰቡት። ዳኛው ጨዋ ሰው ነበሩ። "እማሆይ፣ አይፍሩ። የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ። ከሳሽ የሟች የአቶ ቸኮል ልጅ ናት?" አሏቸው።

"ቸኮል ነው ያሳደጋት" አሉ እማሆይ።

"ልጁ ናት ወይ?"

አያ ሞገስ ከወዲያ በኩል ጋቢውን እስከ አገጩ ተከናንቦ ቆሟል።

"አይደለችም" አሉ እማሆይ። "ቸኮል ዘመቻ ላይ ሳለ ያረገዝኋት ናት። ሲመለስ ነገርሁት። ዝም ብሎ ከረመና 'ልጄ ናት' አለኝ። ክርስትናም ያስነሣት እሱ ነው። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የእሷ አይደለም። ይህን ቆብ ጭኜ በወንጌል ላይ አልዋሽም።"

ከኋላዬ የቆመ ሰው ሳቅ አመለጠው። ሌላው "እሰይ እማሆይ!" አለ በፌዝ። እኔ ነጠላዬን ዓይኔ ድረስ ሳብሁት። እዚያ ያለው ሰው ሁሉ የእኔን አፍንጫና ግንባር እያየ የማንን እንደሚመስል የሚመረምር መሰለኝ።

"ታዲያ የማን ናት?" አሉ ዳኛው።

ይኼኔ እናቴ ወደ ፊት ወጣች። ያንን ድምጿን ጠበቅሁት። የወጣው ግን የሌላ ሴት ድምፅ ነበር።

"ጌታዬ፣ ክሱን ትቼዋለሁ። እናቴን አይጠይቁብኝ።"

ዳኛው፣ ሟቹ ልጄ ብለው ስላሳደጓት ገና የምትከራከርበት መንገድ እንዳለ ሊያስረዷት ሞከሩ። አልሰማቻቸውም። እጅ ነሥታ ወጣች።

የነገሥታቱን ግንብ አጥር ተከትለን ወደ ቤት ስንሄድ እናቴ ከፊት ትራመዳለች። እማሆይ በመቋሚያቸው እየተመረኮዙ ከኋላ ቀርተዋል። እኔ መሐል ላይ ሆኜ ወደየትኛዋ እንደምጠጋ ጠፋኝ። ሰው ከየደጁ ብቅ እያለ ያየናል። ወሬው እኛን ቀድሞ ሰፈር ደርሶ ነበር።

እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። እማሆይ ቤት አልገባም ብለው ደጃፉ ላይ ኩርምት ብለው ተቀመጡ። "ልጄ፣ ማኪናው የሚነሣበትን ነገ ታሳዪኛለሽ" አሉኝ። እሺ እንዳልል አልሆነልኝም፣ እምቢ እንዳልል አፈርሁ። ሲመሽ እናቴ ተነሥታ ወጣችና ምንም ሳትናገር ክንዳቸውን ይዛ አስገባቻቸው፣ የራሷን አልጋም ለቀቀችላቸው። ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ግን በሁለቱ መካከል ከ"ብዪ" እና ከ"በቃኝ" ሌላ ቃል አልሰማሁም። ትምህርት ቤት አንዲት ልጅ "እናትሽ አባት የላትም አሉ" አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እናቴ የጌሾውን ጆንያ አሰረችና፣ "እምዬ፣ ተነሺ፤ ገበያ እንሄዳለን" አለች።

"እኔን ይዘሽ? ተይ ጥሩ፣ ሰው ምን ይላል?"

"ያለውን ብሏል። ተነሺ።"

ከጆንያዎቹ አጠገብ አጎዛ አንጥፋ አስቀመጠቻቸው። ያን ቀን ከሚገዛው የሚያየው በዛ። ሴቶች እየተጠቃቀሱ ያልፋሉ። እኔ ከብቅሉ ጀርባ አንገቴን ደፍቼ፣ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ እመኝ ነበር። እናቴ ሰላም ላላት ሁሉ፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "እናቴ ናት። ከጃናሞራ መጥታ ነው" ትላለች። አንዲት ጠላ ሻጭ ቆመችና እማሆይን ከእግር እስከ ራሳቸው አየቻቸው።

"ፍርድ ቤት የመሰከሩት እማሆይ ናቸው?"

"አዎ፣ እሳቸው ናቸው" አለች እናቴ። ያ ድምጿ ተመልሶ መጥቶ ነበር። "ስንት ቁና ልስፈርልሽ?"

ሴትዮዋ አፈረችና ገዛች። እማሆይ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ሲጠርጉ አየሁ።

ከዚያ በኋላ ወደ አገራቸው አልተመለሱም። ዕድሜያቸውን ከእኛ ጋር ጨረሱ። እናቴ እውነተኛ አባቷን ጠይቃቸው እንደሆነ አላውቅም። እኔ አግብቼ ከወለድሁ በኋላ አንድ ጊዜ ደፍሬ አንሥቼባት ነበር። "የእሷን ቁስል ነክቼ እኔ ምን ላተርፍ?" አለችኝና ልጄን ማጠብ ቀጠለች።

እማሆይ ሲሞቱ አያ ሞገስ መርዶው ደርሶት ከጃናሞራ መጣ። ከፍርድ ቤቱ በኋላ ተያይተን አናውቅም ነበር። ጸጉሩ ነጭ ሆኗል። ለቀስተኛው ሁሉ ድንኳኑ ውስጥ ሲገባ እሱ ከአጥሩ ውጭ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ቆሞ ቀረ። ማንም አልጠራውም። እናቴ በሰው መሐል አየችውና ተነሥታ ወጣች።

"አያ ሞገስ፣ ምነው እደጅ ቆምህ?"

"በምን ዓይኔ ልግባ?" አለ። "እኔ ነኝ ያንን ያናገርኋት። እንደ ወለደችኝ አድርጋ ያሳደገችኝን እናት።"

"የሞተችው እናታችን ናት" አለች እናቴ። እጁን ይዛ አስገባችውና ከጎኗ፣ ሐዘንተኞቹ በሚቀመጡበት አስቀመጠችው። እስከ ተዝካሩ ድረስ አብሯት ተቀመጠ።

እናቴም ካረፈች ብዙ ዘመን ሆነ። ልጆቼና የልጅ ልጆቼ ሲያነሷት ጌሾዋን፣ ሳቋንና ሙግቷን ነው የሚያነሡት፤ ደስ ብሎኝ እሰማቸዋለሁ። እኔ ግን የዚያን ቀን እፍረት እስካሁን ከላዬ ላይ አላወረድሁትም። መጀመሪያ ያፈርሁት በእማሆይ ነበር። ቆይቶ በዚያ ችሎት ላይ በሳቀው ሰው አፈርሁ። አሁን የማፍረው እናቴ ገበያ መሐል በአንድ ቅዳሜ ጥላው የሄደችውን እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜ በመኖሬ ነው። ልጅቱ ታሪኩን ሰምታ ስትጨርስ አቀፈችኝና፣ "እማማ፣ ቤት ውስጥ ከእኔና ከአንቺ በቀር ማንም የለም፤ ምነው በሹክሹክታ ታወሪኛለሽ?" አለችኝ።