በሬውን ማን ባረከው?

«አንቺን ከሕዝቡ ፊት እንድትሄጂ ነው ያስተማርንሽ፤ ሄደሽ ጭራው ላይ ተንጠለጠልሽ!»

የቡድናችን ኃላፊ ይህን ያለኝ በሰው ፊት ነው። ገዳሪፍ በተከራየነው ግቢ፣ ራኩባው ሥር፣ ጓዶቹ ሁሉ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው እኔ ቆሜ ነበር። በአገዳ የተከደነችው ያቺ ዳስ ጥላዋ ወንፊት ነው፤ ፀሐዩ እየሾለከ ፊታችንን ያዥጎረጉረዋል። ሂስ የምንቀመጠው እዚያ ነበር። ጥፋተኛ የተባለ ይቆማል፣ ሌሎቹ በየተራ ጥፋቱን ይነግሩታል፣ በመጨረሻ እሱ ራሱ ግለሂስ ያደርጋል። ተሳስቻለሁ ብሎ ሲያበቃ ያሳሳተውን ከመደቡ ፈልጎ ያወጣል። የነጋዴ ልጅ ከሆነ ንግዱ፣ የቄስ ልጅ ከሆነ ቅስናው ነው ያሳሳተው። ከዚያ ይጨበጨብለታል። እኔም ስንቱን አጨብጭቤ አስቀምጫለሁ።

«ጭራ ቢያንስ ዝንብ ያባርራል» አልኩት።

አንዱ ጓድ ሳቁ አመለጠውና ቶሎ ብሎ ሳል አስመሰለው። ኃላፊው አልሳቀም። ዩኒቨርሲቲውን ጥሎ የወጣ፣ ቀጭን፣ መነጽሩን በሽቦ ያሰረ ሰው ነው። ክፉ አልነበረም። የራሱን ብርድ ልብስ ወባ ለያዘው ጓድ ሰጥቶ ጆንያ ላይ ሲተኛ አይቻለሁ። ብቻ አንድ ነገር ከወሰነ በኋላ ጆሮ የለውም።

«ጓዲት፣ ሎሪው ሐሙስ ይነሳል» አለኝ። «ስምሽ ከሚሄዱት ጋር ነው። አንድ ቃል ብቻ ነው የምንጠብቀው።»

ሎሪው ወደ ሜዳ ነው የሚሄደው፤ ድንበሩን ተሻግሮ ታጋዮቹ ወዳሉበት። ከጎንደር ትምህርቴን አቋርጬ በመተማ በኩል በእግሬ የወጣሁት ለዚያ ነበር እንጂ ገዳሪፍ ተቀምጬ ለወንዶች ምስር ልቀቅል አልነበረም። ሁለት ጊዜ ሎሪ ሄዶ ሁለቱንም ጊዜ «አንቺ ለጊዜው እዚህ ትፈለጊያለሽ» ተብዬ ድስት ስር ቀርቻለሁ። አሁን ተራዬ ደረሰ። እንዲህ ሆኖ ሳለ ነው ያ በሬ የመጣው።

በዚያ ዓመት ዝናቡ ከድንበሩ ወዲያም ወዲህም ከድቶ ነበር። ሰዉ ከአርማጭሆ፣ ከጭልጋ፣ ከዚያም ከራቀ አገር በእግሩ እየፈሰሰ መጥቶ ከከተማው ዳር በጨርቅና በአገዳ ተጠልሏል። እርዳታ ይመጣል ይባላል፤ ወሬው ከእርዳታው ይቀድማል። እኛም ስብሰባ ተቀመጥን። የሱቅ ባለቤት የሆኑ የአገራችን ሰው፣ ሐጂ እንላቸዋለን፣ የጎንደር ሙስሊም ናቸው፣ አንድ በሬ ሰጡን። ኃላፊው ደስታው አልያዝ አለው። በሬው ይታረዳል፣ መጤው ይበላል፣ በልቶ ሲያበቃ ተሰብስቦ ስለ ረሃቡ ምንጭ ይነገረዋል፣ ኮሚቴውን ይመርጣል። የገበያው ባለ ሥጋ ቤት ሱዳናዊ በነጻ ሊያርድልን ተስማምቷል።

«ማን ነው የሚባርከው?» አልኩ።

«አልነገርኩሽም? ባለ ሥጋ ቤቱ።»

«እሱ ካረደው ክርስቲያኑ አይበላም። ክርስቲያን ይረድላቸው፤ ለሙስሊሞቹ ደግሞ ሐጂ አንድ በግ አያጡም።»

ጓዶቹ ተያዩ። እኛ እኮ ከመጣን ጀምሮ የገበያውን ሥጋ ያለ ጥያቄ የምንበላ ሰዎች ነን። ማን አረደው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ጥያቄው ራሱ ከአእምሯችን ወጥቷል። እኔም ብሆን ድርጅቱ ውስጥ ስገባ ማተቤን በገዛ እጄ በጥሻለሁ። ማንም አላስገደደኝም፤ አሁንም አልጸጸትበትም። ግን የበጠስኩት የራሴን ነው።

«ጓዲት» አለ ኃላፊው መነጽሩን እየጠረገ፣ «የራበው ሰው የሚጠይቀው አለ ወይ ብሎ ነው፤ ማን ባረከው የሚለው የጠገበ ባላባት ነው።»

ድምፅ ተሰጠ። ከእኔ በቀር ሁሉም እጁን አወጣ። ደንቡ ደንብ ነው፤ ጥቂቱ ለብዙኃኑ ይገዛል። ድስቱን የጣድኩት እኔ ነኝ።

ደጃችን ላይ ሲበስል ሽታው የመጤዎቹን ሰፈር ሁሉ አዳረሰ። ሰዉ መጣ። መጥቶም ራቅ ብሎ ቆመ። ከመጤዎቹ ሙስሊም የሆኑት «ቢስሚላህ» ብለው ተቀምጠው በሉ፤ መርቀውም ተነሱ። የቀረው እጁን አጣምሮ ያያል። በመጨረሻ ልጅ ያዘለች አንዲት ሴት ከመሀል ወጥታ እኔ ዘንድ መጣች። ጭልፋ የያዝኩት እኔ ነኛ። ከንፈሯ ተሰነጣጥቋል። የልጁ እግር ከአንቀልባው ወጥቶ እንደ ሰንበሌጥ ተንጠልጥሏል።

«እቴዋ» አለችኝ፣ «ማን ባረከው?»

ኃላፊው ከኋላዬ ነበር። ጠጋ ብሎ በጆሮዬ፣ «አንቺ የአገሯ ልጅ ነሽ፤ ታምንሻለች። ክርስቲያን ነው በያት» አለኝ። «ልጁን አታይም? ይሞታል እኮ!»

አየሁት። ልጁን ያላየሁት መስሎታል። ሴትዮዋ አንገቴን ታያለች፤ ማተብ ትፈልጋለች፣ የለም። አንገቴን ትታ ዓይኔን አየች። «ክርስቲያን» ለማለት አፌን ከፍቼ ነበር።

«እስላም ነው የባረከው» አልኳት።

ራሷን ነቀነቀች። አልተቆጣችም፣ አልሰደበችም። «እግዜር ይስጥልኝ» አለችኝ። ከዚያ የራሷን ማተብ፣ ላብና አፈር ያጠቆረውን ክር፣ በሁለት ጣቷ ያዘችው።

«ቤቴን ጥዬ መጣሁ። በሬዬን መንገድ ላይ ሸጥኩ። ባሌን ቋራ በረሃ ቀበርኩ። ይቺን ደግሞ ለአንድ ጭልፋ ልስጥ?»

ዞር አለች። ሌሎቹም ተከትለዋት ሄዱ። ያን ቀን አብዮቱን የደገፉት ሙስሊሞቹ ብቻ ነበሩ።

ሐጂ ወሬው ሱቃቸው ደርሶ ከዘራቸውን ይዘው መጡ። ድስቱን አዩ፣ ኃላፊውን አዩ። «ያ ጀማዓ! እናንተ ሰዎች፣ በሬውን በነፍሱ የሰጠኋችሁ ለምን መሰላችሁ?» አሉ። «ጎንደር ሰርግ በልታችሁ አታውቁም? ለክርስቲያን ጎረቤቴ ስሰጥ በገመዱ እሰጣለሁ፤ ለራሴ ወገን ቢሆን አርጄ አላመጣውም ነበር?»

«ሐጂ፣ ይህ ኋላ ቀርነት ነው» አለ ኃላፊው።

«ኸላስ፣ በቃ ይሁን። ኋላ ቀሩ ሰው ግን ሳይበላ አደረ ማለት ነው።»

እኔ ያኔ ወደ ጓዳ ገብቼ ነበር። ጓዳው ውስጥ ለሐሙሱ ሎሪ የተዘጋጀ ስንቅ፣ እዚያ ዱራ የሚሉት የማሽላ ዱቄት በጆንያ አለ። ማንንም አላስፈቀድኩም። ጆንያውን ጎትቼ አወጣሁ፤ ሐጂ ትልቅ ድስትና የሰሊጥ ዘይት አስመጡልኝ። ሰፈሩ ድረስ ወስጄ እዚያው ሦስት ጉልቻ ተከልኩ። ያቺው ሴት ገንፎውን ራሷ አገነፋችው፤ እኔ ሳማስል እጄን ገፍታ፣ «ተይ እቴ፣ አንቺ ጓጎላም ልታደርጊው ነው» አለችኝ። ለልጁ በጣቷ ጠቅሳ አፉ ውስጥ አደረገችለት። ቆይቶ ጣቷን ያዘ።

እንግዲህ የቆምኩበት ወንጀል ይህ ነው። አንደኛው ጓድ ስንቅ ያለ ፈቃድ ማውጣት ሥርዓተ አልበኝነት ነው አለኝ። ሌላው ስሜታዊነት ነው አለ። ሦስተኛው፣ ብዙ ጊዜ ቁርሴን የማካፍለው፣ መሬት መሬቱን እያየ፣ «ብትዋሻት ምን ነበረበት? ለሕዝቡ ጥቅም እኮ ነው» አለ።

እዚህ ላይ ደሜ ፈላ።

«የአገራችን መንግሥት ራዲዮስ የሚዋሸው ለምንድን ነው?» አልኩ። «ሰው እንደ ቅጠል እየረገፈ ረሃብ የለም የሚለን ለሕዝቡ ጥቅም ብሎ አይደለም? ያንን ውሸት ነው ብለን አይደለም እንዴ ከቤታችን የወጣነው? ወረቀት የበተንነው፣ ጓደኞቻችን የታሰሩት? እኛ ስንዋሽ ውሸቱ ቀይ ቀለም ስለተቀባ ነው የሚጣፍጠው?»

«ድምፅ ዝቅ!» አለ ኃላፊው። ጎረቤት የሱዳን ፖሊስ ቤት ነው። ቀጥሎም ለስለስ ብሎ፣ «እኔ ሎሪው ላይ እንድትወጪ ነው የምፈልገው» አለኝ። እውነቱን ነበር፤ ፊቱ ላይ ያስታውቃል። «ሜዳው እንዳንቺ ያለ ሰው ያስፈልገዋል። በይ፣ ተሳስቻለሁ በይና ተቀመጪ። ነገ ማንም አያነሳውም።»

ጓዶቹ ለማጨብጨብ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አመቻችተው ይጠብቁኛል። አንዲት ቃል ናት። ሐሙስ ሎሪው ላይ ነኝ፣ ቅዳሜ የድንበሩን ወንዝ ተሻግሬያለሁ።

«ተሳስታችኋል» አልኩ።

«ተሳስቻለሁ ነው የምትይው።»

«እኔ ለዚያ በሬ እጄን አላወጣሁም። እጃችሁን ያወጣችሁ ቁሙና ግለሂስ አድርጉ፤ እኔ አጨበጭብላችኋለሁ።»

ያ ሳቁ የሚያመልጠው ጓድ አሁን አልሳቀም። ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እንግዲያው በሎሪው አትሄጂም» አለ። «ከዚህ ግቢም ብትወጪ በፈቃድሽ ነው የወጣሽው። ድርጅቱ አያውቅሽም።»

«ሰፈሩ ያውቀኛል።»

ጓዳ ገብቼ ነጠላዬንና ጫማዬን ያዝኩ። ከሰፈሩ የመለስኩት የሐጂ ድስት አጥሩ ሥር ተደፍቶ ነበር። ቂጡ ጥቀርሻ ነው፤ ግድ አልሰጠኝም፣ አንስቼ ራሴ ላይ ደፋሁት። በሩን የሚጠብቀው ጓድ ወደ ኃላፊው አየ፣ ከዚያ ወደ እኔ አየና መወርወሪያውን ሳበልኝ።

«ጓዲት!» አለኝ አንዱ ከኋላዬ።

ድስቱን በአንድ እጄ ደግፌ፣ በገበያው በኩል አድርጌ ወደ መጤዎቹ ሰፈር ሄድኩ።