ቁጥሩን ዝቅ ያደረግሁ ቀን

የድሮ ካሜራ ቁጥሩ ሲዞር ቀጭ፣ ቀጭ የሚለውን ድምፅ በሰማሁ ቁጥር ፊቴን የምደብቅበት አጣለሁ።

አባባ የፋብሪካ መካኒክ ነበሩ፤ በደርግ ጊዜ አንድ የውጭ አገር መሐንዲስ ወዳገሩ ሲመለስ ካሜራውን ትቶላቸው ስለ ነበር፣ እሑድ እሑድ ጣና ዳር ወስደው ፎቶ ያነሱን ነበር። የፊልሙ ካርቶን መቶ ስለሚል ካሜራውንም መቶ ላይ ያደርጉታል፤ ነጭ የለበሰ ሰው ሲሆን ግን «ነጩ ካሜራውን ያታልለዋል፣ ፊት ያጠቁራል» ብለው ቁጥሩን ትንሽ ዝቅ ያደርጉት ነበር። ቁጥሩ ሲያንስ ብርሃን ይበዛል። ከዚያ ሁሉ ትምህርት እኔ የያዝሁት ይችን ብቻ ነው።

ታላቅ እህቴ የሺ ጥቁር ነበረች፣ እኔ ቀይ። ጎረቤቱ በመልኳ ሲያሾፍባት፣ ምን እዋሻለሁ፣ ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ የሺን ለአንድ የመራዊ ከተማ አስተማሪ ሊያጯት ሆነና የልጁ እናት «ፎቶዋን ላኩልን» አሉ። የሺ ነጭ ቀሚሷን ለብሳ ሐይቁ ዳር ቆመች። አባባ ቁጥሩን አስተካክለው፣ ካሜራውን አስይዘውኝ ነጠላዋን ሊያቃኑላት ሲሄዱ፣ ቀጭ፣ ቀጭ እያደረግሁ እስከ መጨረሻው አወረድሁት። ለሷ አዝኜ ነው ብል ደስ ባለኝ! ጥቁር እህት አላት እንዳልባል ነው። አባባ ተመልሰው ቁጥሩን ሳያዩ አነሷት።

ጥቅምት ላይ ፎቶው ታጥቦ መጣ። የየሺ ፊት ወተት መስሎ አፍንጫዋ እንኳ ጠፍቷል።

«ይኼስ በዛ፣ ሌላ ላንሳት» አሉ አባባ።

«ኧረ ይተዉ! እንዴት አምሮባት!» አለች እናቴ።

የሺ ግን ትክ ብላ አይታው «ይች እኔ ነኝ?» አለች። እናቴ ፎቶውን ከእጇ ወስዳ ላከችው።

በጥር እንግዶቹ መጡ። የሺ ማንቆርቆሪያ ይዛ ጎንበስ ብላ ስታስታጥባቸው፣ የልጁ እናት «ተባረኪ ልጄ፤ በይ አሁን የሺን ጥሪልን» አሏት።

«እኔ ነኝ፣ እማማ።»

ውኃው ከሳፋው አልፎ መሬት ላይ ፈሰሰ። ሴትዮዋ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ። ምሳቸውን በልተው መርቀው ሄዱ፤ ከመራዊ ግን ዳግም ወሬ አልመጣም። አባባ «ጥፋቱ የኔ ነው፣ ብርሃኑን አበዛሁት» ብለው ካሜራውን ሳጥን ውስጥ ቆለፉበት። ዝም አልሁ። እስኪሞቱ ድረስ ዝም አልሁ።

ዛሬ ፎቶ በስልክ ነው፤ ቁጥር የሚያዞር የለም፣ ፊቱንም ራሱ ያነጣዋል። ባለፈው የሺን ከልጅ ልጆቿ ጋር ሐይቁ ዳር ላነሳት ብዬ «አንችም ግቢ እንጂ!» አልኋት።

«ተይኝ እቴ፣ እኔ ድሮም ፎቶ አያምርብኝም» ብላ ሳቀችና ቦርሳዬን ተቀብላኝ ዞር አለች።

ልነግራት አፌን ከፈትሁ። ከዚያ «ሳቁ!» ብዬ ልጆቹን አነሳሁ።