ወደ ውስጥ የሚባል አዎ

የያዘኝ ሳል አንድ ወር ሲሞላው ከሳንባዬ ነው ብዬ ደመደምኩ። ልጄ ገና አራት ዓመቷ ነበር። እኔ ብወድቅ ኦስሎ ውስጥ የሚያሳድግልኝ ዘመድ የለኝም። ስለዚህ ሮምሶስ ሰፈር ያሉት ሐኪሜ ዘንድ ሄድኩ። ፀጉራቸው የሸበተ፣ እጃቸው ሁልጊዜ የሚሞቅ ሴት ነበሩ።

"ዛሬ ስድስት የሕክምና ተማሪዎች በካሜራ ቢያዩን ትፈቅጃለሽ?" አሉኝ። "ክፍሌ ጠባብ ስለሆነ ሁሉንም አይዝም።"

እምቢ ለማለት አፈርኩ። ኮምፒዩተሩ ላይ ስድስት ፊቶች ተጨናንቀው ብቅ አሉ። ሻርፔን አስተካከልኩ። ትምህርቴ ከአራተኛ ክፍል አላለፈም፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከእኔ ምን ይማራል?

ሐኪሟ ደረቴን አዳመጡና ዝም አሉ። ለካ ተማሪዎቹ ቀድመው እንዲገምቱ ኖሯል። እኔ ግን ክፉ ነገር ሰምተው ነው ብዬ ልቤ ተሰቀለ። ከዚያ ሐኪሟ ይጠይቁኝ ጀመር። ሥራሽ ጽዳት ነው? የሕንፃ ደረጃ ታጸጃለሽ? የሚረጭ የጽዳት መድኃኒት ትጠቀሚያለሽ? ለሁሉም አዎ አልኩ፤ እንደ አገሬ ሰው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ እያደረግኩ።

"እህሳ፣ ምን አያችሁ?" አሉ ወደ ካሜራው ዞረው።

"ትንፋሽ ያጥራታል" አለ መነጽር ያደረገ ተማሪ። "በጠየቋት ቁጥር አየር ትስባለች።"

ኖርዌጂኛዬ ደካማ ቢሆንም ትንፋሽ የሚለውን ቃል አውቀዋለሁ። የወንበሩን ጠርዝ ጨበጥኩ።

"ፈራሽ እንዴ?" አሉኝ ሐኪሟ።

አሁንም ሳብ አደረግኩ።

"ይኸው!" አለ ባለመነጽሩ።

ከኋላው አንዲት ተማሪ ሳቋ አመለጣት። "አንተ ሞኝ፣ 'ያ'፣ 'አዎ' እያለች እኮ ነው! ሰሜን ኖርዌይ ያለችው አያቴም እንደዚሁ ናት። ዓሣ ልጨምርልሽ ስላት እንዲህ ነው የምትለኝ" አለችና ትንፋሿን ሳበች። ቁርጥ እናቴን!

ሐኪሟ እስክሪብቷቸውን ጣሉ። "ሁለት ዓመት ሙሉ 'በቀላሉ ትደነግጣለች' ብዬ ስጽፍብሽ ኖሬያለሁ!"

"እሱማ እውነት ነው፣ እደነግጣለሁ" አልኩ።

ሁሉም ሳቁ። እሳቸውም እጄን ያዝ አድርገው፣ "ሳንባሽ ንጹሕ ነው። የሚያስልሽ የምትረጪው የጽዳት መድኃኒት ነው። በተዘጋ ደረጃ ላይ አትርጪ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጊው" አሉኝ። ሻርፔን ጠቅልዬ ተነሳሁ።

"ሌላ ጊዜም መጥተሽ ታስተምሪልኛለሽ?" አሉኝ ሐኪሟ።

ትንፋሼን ሳብኩ። ከወዲያም ስድስቱ አንድ ላይ ሳቡ። ባለመነጽሩማ ከሁሉም አስበልጦ ስቦ ትን አለው።

ልጄ የምትውልበት መዋዕለ ሕፃናት፣ ባርነሃገው፣ ስደርስ ወለል ላይ ተቀምጣ ከቡቷ ጋር ትታገላለች።

"እማዬ፣ ዶክተሯ ደህና ነሽ አለችሽ?"

ትንፋሼን ሳብ አደረግኩላት። ምንም አልጠየቀችኝም። ሁለተኛውን ቡት እንዳጠልቅላት እግሯን ዘረጋችልኝ።