ሰባት ጊዜ ስምንት

ፍኖተ ሰላም ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ አሥራ አራት ዓመቴ ነው። ካስተማርኳቸው ልጆች ሐኪም የሆነ አለ፤ መሐንዲስ የሆነችም አለች። ከተማው ግን የሚያውቀኝ በሌላ ነገር ነው። ቴሌቪዥን ላይ ቀርቤ ሰባት ጊዜ ስምንት ሃምሳ አራት ነው ብያለሁ።

ውድድሩ የቃልና የቁጥር ነው። መጀመሪያ ዘጠኝ ፊደላት ይደረደራሉ፤ ከእነሱ ረጅም ቃል ያገኘ ነጥብ ይወስዳል። ቀጥሎ ስድስት ቁጥሮች ይሰጣሉ፤ እነሱን ደምሮም፣ ቀንሶም፣ አባዝቶም የተጠየቀው ቁጥር ላይ መድረስ ነው። ጊዜው ሠላሳ ሰከንድ። እኔ ልወዳደር ብዬም አላውቅ። የአማርኛ አስተማሪዋ ጓደኛዬ ናት ሳትነግረኝ በስልኳ ያስመዘገበችኝ። ሲደወልልኝ አጭበርባሪ መስሎኝ ሁለት ጊዜ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት።

አዲስ አበባ መድረሱ ራሱ ሌላ ጣጣ ነበር። መንገዱ ዛሬ ክፍት ነው ይባላል፣ ነገ ዝግ። ሁለት ጊዜ ሻንጣዬን አንጠልጥዬ መናኸሪያ ሄጄ ተመለስኩ። በሦስተኛው ተሳካና እግሬ አብጦ ስቱዲዮ ገባሁ። ፊቴን የምትቀባኝ ልጅ ከየት እንደመጣሁ ጠየቀችኝ።

"ከፍኖተ ሰላም።"

"እ፣ ባሕር ዳር!" አለች።

ላርማት አልኩና ደከመኝ፤ ተውኳት።

ተጋጣሚዬ ከአዳማ የመጣ ፋርማሲስት ነበር፤ ጨዋ ሰው። በቃሉ ዙር የወጡት ፊደላት የማይገጣጠሙ ነበሩ። እሱ "ወል" ብሎ ሁለት ፊደል አገኘ። እኔ "ወገል" አልኩ። ዳኛው ወጣት ነው፤ ፊቱ ያለችውን መዝገበ ቃላት አገላብጦ ራሱን ነቀነቀ።

"እንዲህ የሚባል ቃል የለም።"

"እንዴት የለም? ማረሻውን አጥብቆ የሚይዘው የብረት ቀለበት ነው እኮ!"

"እዚህ ላይ የለማ፣ እህቴ።"

"እዚያ ላይ ባይኖር አባቴ ቤት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ አለ!"

ቀረጻው ቆመ። እነሱ ስልክ ደወሉ፣ ተንሾካሾኩ፣ ውኃ ጠጡ። በመጨረሻ መብራት የሚያስተካክሉት ሽማግሌ ከጨለማው ውስጥ፣ "ልጆች፣ ቃሉ አለ። እኔም አርሼበታለሁ" አሉ። ነጥቡ ተሰጠኝ፤ ተመልካቹ አጨበጨበ። ደስታዬ ልክ አልነበረውም። ይኸው ደስታ ነው መሰለኝ ጉድ የሠራኝ።

የቁጥሩ ዙር ቀጠለ። የሚፈለገው ሦስት መቶ ሃምሳ ስድስት ነው። ከተሰጡት ቁጥሮች መካከል መቶ፣ ሦስት፣ ሰባት፣ ስምንትና ሁለት አሉ። የሰባተኛ ክፍል ልጅ የሚሠራው ነው። ሠላሳ ሰከንዱ ሳያልቅ ደወሉን ተጫንኩ።

"ሦስት ጊዜ መቶ፣ ሦስት መቶ። ሰባት ጊዜ ስምንት፣ ሃምሳ አራት። ሁለት ሲደመርበት ሃምሳ ስድስት። ጨረስኩ!"

አቅራቢዋ ካርዷን አየች፤ መልሳ እኔን አየችኝ። "ሰባት ጊዜ ስምንት ስንት አሉ?"

"ሃምሳ አራት" አልኩ፣ በኩራት፣ ለሁለተኛ ጊዜ።

ፋርማሲስቱ ቁጥር ሁለትን ሳይነካ ሠራው። ስህተቴ የገባኝ እሱ ሲናገር ነው። በአንድ ነጥብ በልጦኝ አሸነፈ።

ፕሮግራሙ የሚተላለፈው ቅዳሜ ነበር። እኛ ሰፈር መብራት ቅዳሜ ቅዳሜ አይጠፋም አልልም፤ እንደውም ልማዱ ነው። ያን ቀን ግን ቀጥ ብሎ በራ! ጎረቤት ሁሉ እኛ ቤት ተሰብስቧል። የወገሉ ክርክር እስኪመጣ ጠበቅሁ። አልመጣም። ቆርጠው ጥለውታል። "ወገል" ብዬ ነጥቤን ስወስድ ብቻ ለአንድ አፍታ ታየሁ። ሃምሳ አራቴን ግን ሙሉውን፣ አቅራቢዋ ካርዷን ያየችበትን ጭምር አሳዩት።

ሰኞ ትምህርት ቤት ስገባ ጥበቃው ሰላምታ ሳይሰጡኝ በፊት "ሃምሳ ስድስት ነው አይደል?" አሉኝ። አጠገባችን ባለችው ከተማ፣ ጅጋ ገበያ፣ ሽንኩርት የሸጠችልኝ ሴት መልሱን ቆጥራ ስትሰጠኝ "ቁጠሪው እንግዲህ፣ ሒሳብ አስተማሪ ነሽ አሉ" ብላ ከጎረቤቷ ጋር ተሳሳቀች። ገጠር ያሉት አባቴ በጎረቤት ስልክ ደወሉልኝ።

"አየሁሽ" አሉ። ለካ ጅጋ ድረስ በእግራቸው ሄደው አንድ ሱቅ ውስጥ ተቀምጠው አይተዋል። የወገሉን ክርክር ከአዲስ አበባ እንደተመለስኩ ነግሬያቸው ነበር።

"አባዬ፣ ተሳሳትኩ እኮ።"

"እሱን ተይው። ወገል የማያውቅ ሰው ዳኛ አድርገው አስቀመጡብሽ ነው የምትይኝ?"

"አዎ፣ አባዬ።"

"እህል አይበላም እንዴ?" አሉና ስልኩን ለባለቤቱ መለሱ።

ይህም ያልፋል ብዬ ተውኩት። የወሩ ፈተና መጣ። አንዷ ተማሪዬ፣ ጎበዝ ልጅ ናት፣ በጥያቄው መሐል ሰባትን በስምንት አባዝታ ሃምሳ አራት ጽፋ መልሷን አበላሸች። ነጥብ ቀነስኩ። በነጋታው ወረቀቷን ይዛ ምክትል ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ገባች። ተጠራሁ።

"ቲቸር ራሳቸው ብለውታል" አለች፣ አንገቷን ደፍታ። ስልኳ ውስጥ ቪዲዮው አለ።

ምክትሉ "እስቲ አሳዪኝ" አሉ። ሰውየው አንድ ጊዜ አይተው ቢበቃቸው ምን ነበረበት? ሦስት ጊዜ አዩት። በሦስተኛው ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሳቃቸውን ውጠው፣ "ነጥቡ አይመለስም፤ የትምህርት ሚኒስቴር መጽሐፍ ሃምሳ ስድስት ነው የሚለው" አሉ፣ መጽሐፉ ባይኖር ኖሮ ውሳኔው አስቸጋሪ የሚሆን ይመስል።

ልጅቷ ከበሩ ውጭ ጠበቀችኝ። ልትስቅብኝ ነው ብዬ ፊቴን አጠቆርኩ። "ቲቸር፣ ይቅርታ። የእውነት ተሳስቼ ነው፤ ቤት እንዳይቆጡኝ ነው ቪዲዮውን ያመጣሁት" አለችኝ። እንባዋ ቀርቧል።

"እኔም የእውነት ተሳስቼ ነው" አልኳት። ደወል ተደወለና ሁለታችንም ወደ ክፍል ገባን።