ለዘሃራ የጸለይኩት ጸሎት

ይህን ነገር እስከ ዛሬ ለማንም አልተናገርኩም። ለሚያናዝዙኝ ካህን እንኳ ጫፉን ብቻ ነው የነካሁላቸው። «አባ፣ አንደበቴን አልጠበቅኩም» አልኳቸው፤ ፈቱኝ፣ ወጣሁ። አንደበቴ ያደረገውን ግን አልነገርኳቸውም። እናንተ ስሙኝ፤ ፍረዱብኝም።

ኢሕአዴግ ከገባ ጥቂት ዓመታት ሆኖት ነበር። ያኔ ኮምቦልቻ ውስጥ በአንድ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እሠራ ነበር፤ ያላገባሁ፣ መንፈሳዊነቴ እንደ አዲስ ቀሚስ ያማረብኝ የሚመስለኝ ወጣት። እኛ ካቶሊኮች በከተማው ጥቂት ነን። አባ ሁልጊዜ «ቅድስና የመነኮሳት ብቻ አይደለም፤ የእናንተ ገዳም ማሽናችሁና ጎረቤታችሁ ነው» ይሉን ነበር። ቃላቸው ልቤ ገባ። ጠዋት የዕለት ሥራዬን ለእግዚአብሔር አቀርባለሁ፣ በምሳ ሰዓት መቁጠሪያዬን እደግማለሁ፣ ማታ ሕሊናዬን እመረምራለሁ። ሐሙስ ሐሙስ የሴቶቹን የጸሎት ማኅበር የምመራውም እኔ ነበርኩ። እግዚአብሔርን እወደው ነበር፤ ይህ ውሸት አይደለም። ግን ስጸልይ ሰው ሲያየኝም እወድ ነበር። የትኛውን አብልጬ? ዛሬም አላውቀውም።

ዘሃራ ከምትባል የቢስቲማ ልጅ ጋር በአንድ ግቢ ተከራይተን እንኖር ነበር፤ የምንሠራውም አንድ ቦታ ነው። ባሏ የከባድ መኪና ረዳት ነበር፤ ታሞ ሞተባት። እሷ ሶላቷን፣ እኔ መቁጠሪያዬን ይዘን አንድ ቀን ተቀያይመን አናውቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ከጤና ጣቢያ መጣችና በሬን ዘግታ አጠገቤ ተቀመጠች።

«ደሜ ውስጥ ተገኘ» አለችኝ።

ምን እንደተገኘ መጠየቅ አላስፈለገኝም። ያኔ ኤች አይ ቪ ማለት ሞትም ውርደትም ነበር።

«ከነርሷና ካንቺ በቀር የሚያውቅ የለም» አለች። «አንቺ ለፈጣሪ ቅርብ ነሽ፤ ዱዓ አድርጊልኝ።»

ጸለይኩላት ወይ? ጸለይኩላት እንጂ! የጸለይኩት ግን ሐሙስ ዕለት፣ በሴቶቹ ፊት፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ነው። «ጌታ ሆይ፣ ያ በሽታ የተገኘባትን ጎረቤቴን ዘሃራን አስባት» አልኩ። ሴቶቹ ከንፈራቸውን መጠጡ። አንዷ አለቀሰች። እኔ ደግሞ፣ ከሁሉም መናገር የሚከብደኝ ይሄ ነው፣ ደስ አለኝ። ጸሎቴ ሰው ሲያስለቅስ ደስ አለኝ። ስሟን መጥራት ለምን አስፈለገኝ? እኔ ካልጠራሁለት እግዚአብሔር አያውቃትም ነበር?

ከሴቶቹ አንዷ የአከራያችን የእህት ልጅ ነበረች። ሳምንት እንኳ አልሞላም። ዘሃራ ወደ ግቢው ቧንቧ ስትመጣ ሌሎቹ ተከራዮች ባልዲያቸውን እያነሱ ይሸሹ ጀመር። ያሰጣችውን ልብስ ከገመዱ ላይ በእንጨት እየገፉ ጭቃ ላይ ጣሉት። በመጨረሻም አከራያችን ቤቱን ለዘመድ እንደሚፈልጉት ነገሯት።

እኔ ጋ መጣች። «ለሰው ተናግረሻል?» አለችኝ። ቁጣ አልነበረባትም፤ «አልተናገርኩም» እንድላት የምትለምነኝ ነበር የምትመስለው።

«ከእግዚአብሔር በቀር ለማንም» አልኳት።

በስሙ ዋሸሁ። «እንግዲያው ነርሷ ናት» አለች። ዝም አልኩ፤ ያም ዝምታ ሌላ ውሸት ነው። ከዚያ ወዲያ የጤና ጣቢያውን ደጅ አልረገጠችም። ሳል ሲይዛት፣ ስትከሳ፣ «ያች ከሃዲ ዘንድ አልሄድም» ብላ ቀረች። ዕቃዋን ጭና እናቷ ዘንድ ስትመለስ ፍራሿን እስከ መኪናው የተሸከምኩት እኔ ነኝ። አቅፋ ሳመችኝ።

እኔስ? እኔማ አደግሁ። ደሴ ገባሁ፤ ለምእመናን ስለ ዕለት ተዕለት ጸሎት የማስተምር ሆንኩ። «ሕሊናችሁን መርምሩ» እላቸዋለሁ። የራሴን ስመረምር ያቺ ሐሙስ ላይ ስደርስ እዘላታለሁ። መቁጠሪያዬን ጀምሬ አስቀምጠዋለሁ። ተነስቼ እንጎራደዳለሁ። ያለ ጉዳይ ፒያሳ ወርጄ ከሱቅ ሱቅ እዞራለሁ፤ ሻርፕ የተከናነበች ቀጭን ሴት ከሩቅ ባየሁ ቁጥር መንገድ እቀይራለሁ። ይህ ነው እንግዲህ መንፈሳዊ ሕይወቴ።

በመጨረሻ አላስችል ሲለኝ፣ ልነግራት ቆርጬ ቢስቲማ ሄድኩ። እናቷ እጄን ይዘው አስገቡኝ። «መርሐባ ልጄ፤ ስምሽን ሳታነሳ አትውልም» አሉኝ። ዘሃራ ከመክሳቷ የተነሳ አልጋው ላይ መኖሯም አይታወቅም።

«በዚያ ግቢ ካንቺ በቀር ሰው አልነበረኝም» አለችኝ።

አፌን ከፈትኩ። እሷ ቀደመችኝ።

«አንድ ነገር ብቻ ልቤን ይዞታል። ያችን ነርስ አፉ ማለት አቃተኝ። ቂም ይዤ አላህ ፊት መቆም አልሻም። አንቺ ታውቂያለሽ፤ እንዴት አድርጎ ነው ይቅር የሚባለው?»

«ነርሷ አይደለችም፣ እኔ ነኝ» ማለት ያን ጊዜ ነበር። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶልኝ ነበር። እናቷን አየሁና ፈራሁ። ፈርቼም ዝም ብል ባልከፋ፤ አስተማርኳት! ምእመናኑን እንደማስተምር፣ የበደለን ሰው ደካማ መሆኑን፣ ቂም የሚጎዳው የያዘውን መሆኑን፣ አንድም ሳላስቀር አስተማርኳት። ዓይኗን ጨፍና ሰማችኝ።

«እሺ» አለች። «አፉ ብያታለሁ። ወላሂ፣ ከልቤ አፉ ብያታለሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቀለለኝ።» እጄን ስባ ሳመችው።

ብዙም አልቆየች፤ ሞተች።

ልጅ ነበርሽ አትበሉኝ። ዘመኑ ነው አትበሉኝ። ለጸሎት ብለሽ ነው ደግሞ ፈጽሞ አትበሉኝ፤ እሱን እኔው ለራሴ ስለው ኖሬያለሁ። ነርሷ ከአፏ አንድ ቃል አልወጣም፤ የተናገርኩት እኔ ነኝ። የእግዚአብሔርን ምሕረት እለምናለሁ፤ መለመኔንም አልተውም። የዘሃራ ይቅርታ ግን አልደረሰኝም። ከልቧ ሰጥታዋለች፤ የሰጠችው ግን ምንም ላልበደለቻት ሴት ነው። እንድትሰጥ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ።